የደም ኢንዛይምና የአስም ታማሚ ትንፋሽ

የአስም ታማሚ የአየር ቧንቧ ሲቆጣ፣ እዚያ የተሰበሰቡት የመከላከያ ሕዋሳት ሱፐርኦክሳይድን የመሰሉ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይለቃሉ። እነዚህን ከሚያመክኑት ኢንዛይሞች ዋነኞቹ ግሉታቲዮን ፐርኦክሲዴዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ ናቸው። የሁለቱም ሥራ መጀመሪያ የታወቀው ከቀይ የደም ሕዋስ ነው፤ የአንዱ በ1957፣ የሌላው በ1969 እ.ኤ.አ.። ሳንባ ውስጥ መሣሪያ አስገብቶ ናሙና ከመውሰድ ከክንድ ደም መቅዳት ስለሚቀልም ተመራማሪዎች የደሙን ኢንዛይም ለክተው ከትንፋሽ መለኪያው ስፓይሮሜትር ውጤት ጋር ማስተያየት ለመዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ክሊቭላንድ ተመራማሪዎች የአየር ቧንቧ መጥበብ በባሰ ቁጥር ከሕዋሳት በተለየው የደም ፈሳሽ (ሴረም) ውስጥ ያለው የሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ግኝቱን እቀበላለሁ። «እንግዲያው የደም ምርመራው የትንፋሹን ይተካል» የሚለውን ድምዳሜ ግን ቤተ ሙከራ የሚያውቅ ሰው ሊቀበለው አይገባም።

በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚለካውን ኢንዛይም እንውሰድ፤ ሕዋሱ ኒውክሊየስ የለውም። ከመቅኔ ሲወጣ የያዘውን ኢንዛይም ይዞ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ሲያረጅ አዲስ መሥራት አይችልም። ስለዚህ በአንድ ቱቦ ውስጥ ትናንት የተወለደውና ሦስት ወር ያለፈው ተቀላቅለው ይለካሉ። በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚወጣው አየር ግን የአየር ቧንቧ የሚያሰፋው መድኃኒት ሳልቡታሞል በተነፋ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። አንዱ የወራት፣ ሌላው የሰዓቱ ልኬት ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ለጋ ሕዋሳቱ ስለሚበዙ ሳንባው ምንም ሳይሻለው ኢንዛይሙ ከፍ ሊል ይችላል። ከወባ መድኃኒቱ ፕሪማኩዊን በፊት ጂ6ፒዲ የተባለውን የቀይ ሕዋስ ኢንዛይም የሚለኩ ባልደረቦች ይህን ወጥመድ ያውቁታል፤ ሕዋሳት በብዛት በፈረሱ ማግስት ጉድለት ያለበት ሰው ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ውጤቱ የሚሰላው በአንድ ግራም ሄሞግሎቢን መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። የሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስን ልኬት ራሱ ሄሞግሎቢን ስለሚያውከው በኤታኖልና በክሎሮፎርም ይወገዳል፤ ማስወገዱ ላይ የተዛነፈ እጅ ውጤቱንም ያዛንፋል።

ስፓይሮሜትር በታማሚው ጥረት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ትንሽ ልጅም በደንብ አይነፋም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው። ነገር ግን መጥፎ ንፊት በመስመሩ ላይ ይታያል፤ ባለሙያው ይጥለውና ያስደግማል። የቱቦ ውስጥ ስህተት ግን ከነጥብ በኋላ ባሉ አሃዞች ተሸፍኖ ያልፋል። ኢንዛይሙን በማሳደግ አስምን ማከም ይቻላል የሚሉም አሉ። ግሉታቲዮን ፐርኦክሲዴዝ ሴሊኒየም እንዳለበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚታወቅ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነበር። ሆኖም በ2007 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የለንደን ሙከራ 197 አዋቂዎችን ይዞ ለ24 ሳምንታት በቀን 100 ማይክሮግራም ሴሊኒየም ቢሰጥም፣ የታማሚዎቹ ኑሮ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ከወሰዱት የተለየ መሻሻል አላሳየም። ኢንዛይሙ የደከመው በሽታው ስለጎዳው ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ መንስኤው ሳይነካ ውጤቱን መጠገን ብዙ አያራምድም።

ለምርምር ልኬቱ ይቀጥል፤ ደሙና ትንፋሹ በአንድ ሰዓት ይወሰዱ፣ የለጋ ሕዋሳት ብዛት፣ ማጨስና የሚወሰደው ስቴሮይድም አብረው ይመዝገቡ። የአስም ታማሚ የሆናችሁ አንባቢዎች ግን ለኢንዛይም ምርመራ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከሳልቡታሞል በፊትና በኋላ በስፓይሮሜትር እንድትለኩ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የሚነፋ ስቴሮይድ ከታዘዘላችሁም የደም ኢንዛይም ቁጥር አይታችሁ አታቋርጡት።