መጽሐፍን በጆሮ ስለ ማንበብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተከራካሪ አልነበረውም። ከአፍ የወጣውን ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ በብራና የተጻፈው ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል ማለት ነው። በዛሬው ዘመን ግን የሰው ድምፅ ራሱ እንደ መጽሐፍ የሚቀመጥ፣ የሚገዛና የሚወረስ ስለ ሆነ፣ ምሳሌው ባይሻርም ትርጓሜ ያስፈልገዋል። በአዳማ ከተማ ጎዳና ባጃጅ የሚነዳው ወጣት፣ በሞጆ መናኸሪያ መኪና የሚጠብቀው መንገደኛ፣ በሻሸመኔ ገበያ ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ የሚጠባበቀው ነጋዴ፣ መጽሐፍ በእጁ ሳይዝ በስልኩ ትረካ እየሰማ ሊውል ይችላል። ይህ ሰው አንባቢ ሊባል ይገባዋልን?

በዚህ ጥያቄ ላይ የተማሩ ሰዎች ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። የአንደኛው ወገን ሐሳብ፣ መጽሐፍ በዓይን ካልተነበበ ንባብ አይደለም፤ ትረካ የሚሰማ ሰው ሌላው ያኘከለትን የሚውጥ ሕፃን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጊዜ ላጣ ሰው ትረካ መጽሐፍን ፈጽሞ ይተካል ይላል። ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ግን ሁለቱም ከልክ ያለፉ ናቸው። ጆሮ የሚሻለው መጽሐፍ አለ፤ ዓይን የሚሻለው መጽሐፍ አለ፤ ሁለቱንም የሚፈልግ መጽሐፍም አለ። የአስተዋይ አድማጭ ሥራ ይህን መለየት ነው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተነገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሊሰማው የቻለው ንባቡ ድምፅ ስለ ነበረው ነው፤ እንግዲህ በመንገድ ላይ መጽሐፍ መስማት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስም በኑዛዜው በ6ኛው መጽሐፍ፣ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ እንደ ተደነቀ ጽፏል፤ በዚያ ዘመን የሚያስደንቀው ዝም ብሎ ማንበብ ነበር። በኢትዮጵያም ስንክሳሩ፣ ገድሉና ተአምሩ የሚነበበው አንዱ አንብቦ ብዙው እንዲሰማ ነው። በንባብ ቤት ተማሪው ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚሻገረው፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ እየለየ ድምፁን ሲያሰማ፣ መምህሩም በጆሮው እየሰማ ሲያርመው ነው። ብዙ ዓይነ ሥውራን ሊቃውንትም ትምህርታቸውን ያደላደሉት በመስማት ብቻ ስለ ሆነ፣ ጆሮ የዕውቀት በር አይደለም ሊል የሚደፍር አይኖርም።

አዲሱ ነገር ድምፁ ከሰውየው ተለይቶ መኖሩ ነው። አሜሪካዊው ኤዲሰን የድምፅ መቅረጫውን በ1877 እ.ኤ.አ. ከሠራ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1891 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ቃል በዚሁ መሣሪያ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይሰማል። መጽሐፍን በሙሉ በድምፅ መቅረጽ ግን በሰፊው የተጀመረው ለዓይነ ሥውራን ተብሎ፣ በአሜሪካ በ1934፣ በእንግሊዝ አገር በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ ጆሮ የገባው ደግሞ በራዲዮ በኩል ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ካሴት፣ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ ተሸጋገረ። ዛሬ እንደ ሸገር 102.1 ያሉ ጣቢያዎች ትረካ ያሰማሉ፤ «ተራኪ» እንደሚባለው ያሉ የስልክ መተግበሪያዎችም መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባሉ።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ (ባቱ) እና በአርሲ ነጌሌ በኩል ሻሸመኔ ለሚደርስ ሰው መንገዱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው መንገደኛ መርጦ ሳይሆን ያገኘውን እየከፈተ፣ ከልብ ወለድ ወደ ግጥም፣ ከግጥም ወደ ታሪክ እየተዘዋወረ ቢሰማ፣ አንዱ ያስቀዋል፣ ሌላው ያስተክዘዋል፣ ሦስተኛው ያስተኛዋል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ የአድማጩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍቱም አሠራር ነው።

በመጀመሪያ የሚነሣው ያለ ጥርጥር የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ሊያገኘው የቻለው ማንበብ የሚያውቅና ለመግዣ አቅም ያለው ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን በመድረክ ተዋናይነታቸው የታወቁት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርኩት፣ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ተካፈለ። የወጋየሁ ችሎታ የድምፃቸው ማማር ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ የባላባቱ ኩራት፣ በዛብህ ሲናገር የቤተ ክህነቱ ልጅ ጭምትነት፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ምፀቱ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቃና ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ከሰዎቹ አንዱም ከልክ አልፎ መቀለጃ አይሆንም። የጎጃምን ወግና ልማድ የሚገልጡት ረጃጅም ገጾችም፣ በዓይን የሚያነብ ሰው ቸኩሎ ሊያልፋቸው የሚችሉት፣ በጆሮ ሲሰሙ በእሳት ዳር እንደሚነገር ጨዋታ ይጣፍጣሉ።

ሆኖም ጉድለት አለ። ጉዱ ካሣ በመጽሐፉ ውስጥ አሳቂ ሰው ብቻ አይደለም፤ ስለ ማኅበር አሠራር፣ ስለ ጌታና ስለ ድኻ፣ ሰውን ስለሚያስር ልማድ ሥር ያለው ክርክር የሚያቀርብ ሰው ነው። አድማጭ ግን በቃናው ሲስቅ ሳለ ክርክሩ ያመልጠዋል፤ ድምፁ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጠብቀውምና። በዓይን የሚያነብ ሰው ጣቱን ከመስመሩ ላይ አድርጎ ያስባል፤ ወደ ኋላም ተመልሶ ያነጻጽራል። ሁለተኛም፣ ትረካውን አስቀድሞ የሰማ ሰው ኋላ መጽሐፉን ሲገልጥ ከገጹ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ የራሱን በዛብህና የራሱን ካሣ በሐሳቡ ልፍጠር ቢል ይቸገራል። መልካም ተራኪ እንደ መልካም ተርጓሚ ነው፤ ያበራል፣ ነገር ግን የሚያበራው የመረጠውን አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰማ ሁሉ አንድ ጊዜ ደግሞ ሊያነበው ይገባል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ የቀረበት መጽሐፍ ነው። ይህ ልብ ወለድ ለጆሮ የተመቸ ነው፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የአሥመራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርከው «እኔ» እያለ ነውና፤ ዐረፍተ ነገሩም አጭር፣ ንግግሩም ፈጣን ነው። ለአንድ ሰው ድምፅ የተጻፈ ያህል ስለ ሆነ ተራኪው ብዙ ጌጥ አያስፈልገውም። ጌጥ ሲጨምርበት፣ በተለይም በየአሳዛኙ ቦታ ሙዚቃ ሲያስገባበት፣ ደራሲው በዝምታ የተወውን ያበላሻል። አድማጩን እንዲያዝን የሚያዘው ሙዚቃው ከሆነ፣ ኀዘኑ ከመጽሐፉ የመጣ አይደለም።

የአዳማ ሰው ልዩ ፍቅር ሊኖረው የሚገባ ሌላ ሥራም አለ። በዚችው ከተማ፣ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን የተወለዱት ባለቅኔውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን፣ በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ታላቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፉ ወደ አማርኛ መለሱት፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎም ታተመ። ርእሱን ቃል በቃል ሳይመልሱ ከመጽሐፉ መደምደሚያ ቃል መውሰዳቸው የጆሮ ብልሃት ነው፤ ማንም የተቸገረ ሰው ለጓደኛው በአፉ ሊለው የሚችል አማርኛ ነውና። የትርጉም መጽሐፍ ሁሉ እውነተኛ ፈተናው ጮክ ተብሎ መነበብ ነው። የባዕድ አገር ዐረፍተ ነገር አማርኛ ልብስ ብቻ ለብሶ እንደ ሆነ ዓይን ይታለላል፤ ምላስ ግን ይደናቀፋል፣ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። በዚህ በኩል ትረካ ለተርጓሚዎች ጥብቅ ፈራጅ ሆኖላቸዋል።

ግጥም ከሁሉ ይልቅ የድምፅ ንብረት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በገዛ ድምፃቸው ያነበቧቸው ግጥሞች ተቀርጸው ስለ ቀሩ፣ ባለቅኔው የት ላይ እንዳረፉ፣ የትኛውን ቃል እንዳከበዱ አድማጭ ከምንጩ ይረዳል። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ሲሆን ጆሮ ሰሙን ተቀብሎ ወርቁን ጥሎ ሊያልፍ ይችላል። ቅኔ በሚሰማበት ጉባኤ ሊቃውንቱ ምሥጢሩን አግኝተው «ይበል» የሚሉት ጆሯቸው በብዙ ዓመት ትምህርት ስለ ተሳለ ነው፤ በመኪና መስኮት አሻግሮ እያየ የሚሰማ ሰው ግን ያንኑ ግጥም ሁለትና ሦስት ጊዜ መመለስ አለበት። መሣሪያው ይህን ስለሚፈቅድለት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

በአንጻሩ የታሪክ መጽሐፍ በጆሮ ሲሰማ ያደክማል። እንደ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ያሉ ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ስም፣ የጦርነቱን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ደርድረው የጻፉት አንባቢው ወደ ኋላ እየገለጠ እንዲያመሳክር ነው። ስሙና ዘመኑ በድምፅ ብቻ ሲፈስ፣ አድማጩ ከመቂ እስከ ዝዋይ ሰምቶ ከዝዋይ በኋላ ማን ከማን ጋራ እንደ ተዋጋ አያስታውስም። እንቅልፍ ቢወስደው ጥፋቱ የሱም የደራሲውም አይደለም፤ ለዓይን የተሠራው ለጆሮ ስለ ተሰጠ ነው። በዚያው በዝዋይ ሐይቅ፣ በደብረ ጽዮን ደሴት፣ መነኮሳት በመከራ ዘመን መጻሕፍትን ሸሽገው እንደ ጠበቁ በትውፊት ይነገራል፤ የጠበቁትም ተሰምቶ እንዲያልፍ ብቻ ሳይሆን ተገልጦ እንዲታይና እንዲመረመር ነው።

የተራኪው ኀላፊነት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳየው ደግሞ የአማርኛ ጽሕፈት ራሱ ነው። ፊደሉ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «ይመታል» የሚለውም በአነባበቡ መቺውን ተመቺ ሊያደርገው ይችላል። በዓይን የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ራሱ ተመልሶ ያርማል፤ ተራኪ ቢሳሳት ግን የሚሰማው ሁሉ አብሮት ይሳሳታል። ስለዚህ መጽሐፉን አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ሳያነብ በመቅረጫው ፊት የሚቀመጥ ተራኪ፣ ምንም ድምፁ ያማረ ቢሆን፣ ሥራውን አላወቀም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር አድማጭ ብዙ ጊዜ ኦሮምኛም አማርኛም ይሰማል። ለኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍም ድምፅ ባዕድ አይደለም። አስቴር ጋኖ ከሕዝብ አፍ የሚታወቀውን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ጽፋ፣ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋራ በ1894 እ.ኤ.አ. «ጀልቀባ በርሲሳ» የተባለውን የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳትማለች። ከአፍ ወደ ወረቀት የገባ ተረት በትረካ ወደ ጆሮ ቢመለስ፣ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ ተሰደደ አይባልም። እናቶችና አባቶች ለልጆቻቸው በሁለቱም ቋንቋ ሊፈልጉት የሚገባ ትረካ እንዲህ ያለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ነውር ግን የንባብ ሳይሆን የፍትሕ ነው። አንዳንድ ሰው የሌላውን መጽሐፍ ከመካከሉ ቆርጦ፣ የደራሲውን ስም ሳይጠራና ሳያስፈቅድ፣ በድምፁ አንብቦ ገንዘብ ያገኝበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወቱ ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ስላረፉ የድካማቸው ዋጋ ገና ለወራሾቻቸው የሚገባ ነው። የተራኪውንም መብት ይኸው አዋጅ ያውቃል። አድማጭ ነገሩ አይመለከተኝም እንዳይል፣ የተሰረቀ መጽሐፍ የሚሰማ ሰው ነገ የሚጻፈውን መጽሐፍ ያሳጣል፤ ደራሲ ከድካሙ እንጀራ ካላገኘ ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍምና። የተቆረጠ ትረካም የሰሚን መብት ይነካል፤ ሙሉውን ሰማሁ ብሎ የሚያምነው ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራልና።

እንግዲህ በመንገዱ ላይ ሆኖ የሚሰማውን ሰው ሰነፍ ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ በድሮው ዘመን ስንክሳር በጆሮው የሰማ ምእመንም እንዲሁ ነበርና። ነገር ግን የጥንቱ ሰሚ ያልገባውን የሚጠይቀው መምህር በአጠገቡ ነበረው፤ የዛሬው አድማጭ መምህሩ መጽሐፉ ራሱ ነው። ልብ ወለዱን ሰምቶ የወደደው ቦታ ቢኖር ገዝቶ ወይም ተውሶ ያንን ገጽ ይፈልገው፤ ግጥሙን ደጋግሞ ይስማው፤ ታሪኩን ቁጭ ብሎ ያንብበው። ይህን የሚያደርግ ሰው በጆሮው ጀምሮ በዓይኑ የሚፈጽም እውነተኛ አንባቢ ነው። ሰምቶ ወደ መጽሐፉ ለማይመለስ ሰው ግን የአባቶች ምሳሌ ዛሬም አልተሻረም፤ በቃል የሰማው ይረሳዋል።