ትራክ 01፣ ያልታወቀ አርቲስት

የብዙዎቻችን የሙዚቃ ስብስብ ሲከፈት ይህን ይመስላል፦ «የድሮ»፣ «የድሮ 2»፣ «አዲስ ፎልደር»፣ «ለመንገድ»፣ «ምርጥ ምርጡ»። ውስጡ ሲገባ ደግሞ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»፣ «ያልታወቀ አርቲስት»። ከአጎት ላፕቶፕ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌግራም ሲንከባለል የመጣ ብዙ ጊጋባይት። ዘፈኑ ሁሉ አለ። የሌለው ማን እንደሠራው ነው።

ይሄ ፋይል በፎልደር በፎልደር ካልደረደረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ጭንቀት ሊመስል ይችላል። አይደለም። ስም የሌለው ስብስብ አሰማማችንን ራሱን ይለውጠዋል። የምንወደውን ነገር ለማን እንደምናመሰግን ስለማናውቅ ሁሉንም ለዘፋኙ እንሰጣለን፤ ዘፋኙ ስሙ የቀረለት ብቸኛ ሰው ነውና።

አራት አልበሞችን እንውሰድ፤ ብዙ ስልክ ላይ የማይጠፉ ናቸው። የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» (2001 እ.ኤ.አ.)፣ በስሟ የተሰየመው የዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም (2005)፣ የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው» እና የኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» (ሁለቱም 2007)። በዘፋኝ ከደረደርናቸው አራት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ቴዲ ሌላ ነው፣ ዘሪቱ ሌላ ናት። በአቀናባሪ ከደረደርናቸው ግን አራቱም አንድ ቤት ይገባሉ፦ ኤልያስ መልካ።

እስቲ በዚህ ቅደም ተከተል ስሟቸው። አንድ ጠባይ ከአልበም አልበም ሲከተላችሁ ታገኙታላችሁ። ጊታሩ ጌጥ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚሸከመው ምሰሶ እሱ ነው። ኪቦርዱ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ዘሎ አይገባም። ኢዮብ ላይ ይሄ በጣም ጎልቶ ይሰማል፤ ሬጌው ቤዙንና ጊታሩን አቅልሎ ይዞ መሐሉን ለድምፁ ይለቅለታል። የኢዮብ ድምፅ የሚጮህ ድምፅ አልነበረም። በዘመኑ ልማድ ከላይ እስከ ታች በሲንተሳይዘር የተሞላ ቅንብር ቢሰጠው ይዋጥ ነበር። ሚካያም ዝግ ብላ፣ ለአንድ ሰው የምታወራ ያህል ስትዘፍን የምንሰማት ዙሪያዋ ያለው ሙዚቃ ዝም ማለት ስለሚያውቅ ነው። «የኢዮብ ድምፅ እንዴት ደስ ይላል» ስንል የምናደንቀው በከፊል የድምፁን ቦታ የጠበቀለትን ሰው ጭምር ነው። ፋይሉ ላይ ግን ያ ሰው የለም።

ለምን የለም? አንዱ ምክንያት ቴክኒካል ነው፣ ደግሞም ከእኛ አገር ውጭ የተወሰነ ነው። የኤምፒ3 ፋይል ስለራሱ መረጃ የሚይዝበት የመጀመሪያው ዘዴ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ ከፋይሉ ጭራ 128 ባይት ብቻ ነበር የተመደበለት። ለዘፈኑ ርዕስ 30 ፊደል፣ ለአርቲስቱ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ከዚያ ዓመት፣ አጭር ማስታወሻና የሙዚቃው ዓይነት ቁጥር፤ አለቀ። ለግጥም ደራሲ ቦታ የለም፣ ለዜማ ደራሲም የለም፣ ለአቀናባሪ ከቶ የለም። ለላቲን ፊደል ስለታሰበም «ጥላሁን» ብሎ በግዕዝ መጻፍ አይቻልም ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው።

እኛ አገር ያኔ ካሴት ነበር። የብዙዎቹን ካሴቶች ሽፋን ስትገልጡት ውስጡ በደቃቅ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ይላል። አንዳንዱ ቤዝ የተጫወተውንም፣ ስቱዲዮውንም ይጽፋል። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ኤምፒ3 ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፣ ወረቀቱ ቀረ። ኋላ የመጣው አዲሱ ዘዴ ለግጥም ደራሲውም ለዜማ ደራሲውም ቦታ አለው፣ ግዕዝም ይቀበላል። ማን ይሙላው? የሚገለብጠው ልጅ የሚከፈለው በዘፈን ብዛት እንጂ በስም ብዛት አልነበረም።

የተጻፈውም ቢሆን መከራ አለበት። ጥላሁን «ገሠሠ» ነው «ገሰሰ»? «ማሕሙድ»፣ «ማህሙድ» ወይስ «መሐሙድ»? ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ህ ፍጹም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ስልካችሁ አንዱን ማሕሙድ ሦስት ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፈልጋችሁ አንዱን ስታገኙ ሁለቱ እዚያው ተቀብረው ይቀራሉ።

ማሕሙድ አሕመድን ካነሳን «እሬ መላ መላ»ን እንስማ። አልበሙ በ1975 ካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው ነው። በ1986 ደግሞ የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ በዚሁ ርዕስ ለአውሮፓ አድማጭ አወጣው፤ ከ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይም ሰባተኛው ቁጥር ሆኗል። ስለ ማሕሙድ ድምፅ መንቀጥቀጥ ብዙ ተብሏል፣ ይገባዋልም። አንድ ጊዜ ግን ድምፁን ትታችሁ ከሥሩ ያለውን ብቻ ስሙ። ቤዙ እየዞረ ተመልሶ እዚያው ይመጣል፣ ሳክስፎኑ ማሕሙድ ትንፋሽ በወሰደበት ቦታ ይመልስለታል። ዘፈኑ የሚያስተክዝ ሆኖ ሳለ እግር የሚያንቀሳቅሰው በዚህ ነው። ይህን የሠራው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ሰላም ሥዩም ጊታር። ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ በሚቀጥሉት ዓመታት የካሴቱን ዘመን ተሸከመው። የወላጆቻችን ስብስብ ውስጥ ያለው ካሴት ሁሉ አንድ አገር የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ስም ሲተርፍ ምን እንደሚሆን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርዶችና የከበሮ ማሽን ይዞ፣ ያለ ባንድ፣ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ያው ካሴት ዓመታት ቆይቶ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሽፋኑ ላይ ስም ነበር። ሰውዬው በዚያ ስም ፈልጎ ኃይሉን ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ አገኘው፤ አልበሙ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ካሴቱ «ትራክ 01፣ ያልታወቀ አርቲስት» ሆኖ ቢሆን ኖሮ ማን ብሎ ይጠይቃል?

እዚህ ላይ «ሙዚቃ በጆሮ ነው እንጂ በስም አይደለም፤ ደስ ካለኝ በቃኝ» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ዘፈን ለመውደድ ፈተና ማለፍ አያስፈልግም። ግን እንጀራ የጣመው ሰው ማን እንደጋገረው ቢጠይቅ ጣዕሙ አይቀንስበትም፤ ይልቅ ሁለተኛ ሲያምረው የት እንደሚሄድ ያውቃል። በስም የሚሰማ ሰው ከኢዮብ ወደ ሚካያ፣ ከሚካያ ወደ ዘሪቱ መንገድ አለው። ያለ ስም የሚሰማ ሰው የሚቀጥለውን ዘፈን የሚመርጥለት የዩቲዩብ ማሽን ነው።

ነገሩ የፍቅር ብቻም አይደለም፣ የእንጀራም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራው አመንጪ ከገንዘብ ጥቅሙ በተጨማሪ በስሙ የመታወቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ዘፈን በተጫወተ ቁጥር ገንዘብ ለባለመብቶቹ ለማከፋፈል መጀመሪያ ባለመብቶቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። ለፕሮግራመር ይሄ ግልጽ ነው፤ ባዶ ሕዋስ ላይ ክፍያ አይላክም። ኤልያስ ራሱ ይህን አይቶታል መሰለኝ፤ በ2019 ሥራ የጀመረውን አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አረፈ። ቅንብር የሚሠራ ሰው ጊታሩን አስቀምጦ መተግበሪያ ወደ ማቋቋም ሲገባ ችግሩ የት እንዳለ እየነገረን ነው።

መፍትሔው ከመንግሥት ወይም ከትልቅ ኩባንያ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይመስለኝም። ወረቀቱ አሁንም አለ። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ የተዘጋ ሙዚቃ ቤት ካርቶን ውስጥ። ካሴቱ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ድምፁም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ሽፋኑ ግን በሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቤት ጽዳት ሲደረግ «ይሄ አይሠራም ይጣል» ሲባል ሽፋኑን አውጡ፣ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ፋይሉን ከፍታችሁ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብላችሁ በግዕዝ ሙሉት። ላፕቶፕ ላይ የፋይል መረጃ የሚያስተካክሉ ነጻ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ለአንድ አልበም አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ለሰው ስትልኩም ከነስሙ ላኩ።

ከዚያ ስብስባችሁን አንድ ጊዜ በአቀናባሪ ደርድሩና ስሙት። ለዓመታት የሰማችሁት ዘፈን ውስጥ እስከዛሬ ያላስተዋላችሁት ሰው ሲጫወት ትሰሙታላችሁ።