ኤአይ ሁለተኛው ፕላዝማ እንዳይሆን

«ንፋስ ስልክ» የሚለውን ስም ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ያለ ሽቦ፣ በአየር የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ያኔ ብርቅ የነበረው ቴክኖሎጂ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ሆኗል። አሁን ደግሞ ሌላ ብርቅ መጥቷል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአጭሩ ኤአይ። ሳሪስም ሆነ ጀሞ ያለ የኮሌጅ ተማሪ በስልኩ ይጠይቀዋል። መምህሩስ?

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 መምህራን ስለ ኤአይ ሊኖራቸው የሚገባቸውን 15 ብቃቶች የሚዘረዝር ሰነድ አውጥቷል። ብቃቶቹ በ5 ዘርፍና በ3 ደረጃ ተከፍለዋል። ሰነዱ ከመሣሪያው በፊት ሰውን ማስቀደሙ፣ ለሥነ ምግባርም ራሱን የቻለ ዘርፍ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። ግን የተጻፈው ለዓለም ሁሉ ነው። ሰኞ ጠዋት ፈተና የሚያወጣ የአዲስ አበባ መምህር ከየት እንደሚጀምር ከዝርዝሩ ብቻ አያገኘውም።

ዝርዝር ብቻውን እንደማይበቃ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የሳይንስ ሙከራ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ችግሩ ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ «ቆይ» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ቴክኖሎጂው ክፍል ገባ፤ መምህሩ ግን የክፍሉን ሰዓት ተነጠቀ።

በኤአይም አደጋው ያው ነው። ሥልጠና ያላገኘ መምህር መጀመሪያ የሚያገኘው አቋራጭ «ይህን ጽሑፍ ኤአይ ጽፎታል» የሚል መርማሪ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ 7 ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ከጻፏቸው 91 ጽሑፎች ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን «የኤአይ ሥራ» አሏቸው። ለምን? ሶፍትዌሮቹ ቀጣዩ ቃል በቀላሉ የሚገመት ጽሑፍ ሲያዩ ይጠረጥራሉ፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ የለመዳቸውን ቃላት ይደጋግማል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መርማሪ በዚያው ዓመት፣ በትክክል አይለይም ብሎ አንስቶታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በሐሰት የሚከሰሰው ያንተ ወይም ያንቺ አሳይንመንት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ዓይነት ኮርስ የሚሰጡ መምህራን ያለፈውን ሴሚስተር ፈተና ይዘው አብረው ይቀመጡ። ጥያቄዎቹን ለኤአይ ይስጡት፤ መልሱንም እንደ ተማሪ ወረቀት ያርሙት። ሙሉ ማርክ ያገኘበት ጥያቄ መለወጥ ወይም ክፍል ውስጥ በቃል መጠየቅ አለበት። የተሳሳተበት ደግሞ ግሩም ትምህርት ነው፤ ተማሪው ስህተቱን ፈልጎ ያርመው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት ከመምህሩ ሎድ ላይ ተቀንሶ መሰጠት አለበት እንጂ በትርፍ ጊዜው ይሥራው ማለት አያዋጣም።

የዩኔስኮ ሰነድ መምህሩ ምን ማወቅ እንዳለበት በደንብ ይናገራል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገውን ሰዓት መስጠት ግን የየኮሌጁ ሥራ ነው። ኮሌጃችሁ ውስጥ የኤአይ ሥልጠና ሲታወጅ «ለመምህራን ስንት ሰዓት ተሰጣቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።