አጋፋሪውና ግብሩ፦ ስለ ዐውደ ርእይ አዘጋጅነት የድኅረ ምረቃ ትምህርት

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት ወደ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ሊማር ያሰበው ፈረንጆቹ «ኩሬቲንግ» የሚሉትን፣ የዘመኑን የሥነ ጥበብ ሥራዎች መርጦና አደራጅቶ ለተመልካች የማቅረብን ሙያ ነው። ብዕሬን ሳነሣ የሙያው የአማርኛ ስም ጠፋኝ። «አዘጋጅ» ብል፣ አዳራሽ የሚከራየውም የጥሪ ወረቀት የሚበትነውም አዘጋጅ ነው። «ጠባቂ» ብል፣ የላቲኑ ሥር መንከባከብን ቢያመለክትም፣ የዘበኛ ሥራ ይመስላል። በመጨረሻ «አጋፋሪ» የሚለው ቃል መጣልኝ። አጋፋሪ ወጡን አልሠራም፣ ጠጁን አልጣለም፤ ዳሩ ግን ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚወስን እርሱ ነውና የግብሩ መልክ በእጁ ነው። በሩንም የሚከለክል እርሱ ነው። ቃሉ ሙያውን ከነሥልጣኑና ከነአደጋው ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሙያው ከትምህርቱ ይቀድማል። ስዊዘርላንዳዊው ሃራልድ ዜማን እ.ኤ.አ. በ1969 በበርን ከተማ ያቀረበው ዐውደ ርእይ ያለቀለትን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩን ሂደትና የሠዓሊውን አስተሳሰብ ጭምር ለእይታ በማብቃቱ፣ አጋፋሪው ራሱ እንደ ደራሲ መታየት የጀመረበት አብነት ሆኖ ይጠቀሳል። ትምህርት ቤቶቹ የመጡት ዘግይተው ነው፤ በ1987 በግሬኖብል፣ በ1992 በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት፣ በ1994 ደግሞ በአምስተርዳሙ ደ አፔልና በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሚገኘው ባርድ ኮሌጅ። የባርድ ተማሪ በሁለት ዓመት ቆይታው የሥነ ጥበብንና የዐውደ ርእይን ታሪክ ያጠናል፤ ሂስ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍና ዐውደ ርእይ ያቀርባል።

የዚህ ትምህርት ቁም ነገር ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በአንድ መድበል ውስጥ የኀዘን ግጥም ከቀልድ ግጥም ቀጥሎ ሲገባ ንባቡ እንደሚለወጥ እናውቃለን። ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ከጎኑ የተሰቀለው ሥራ፣ የክፍሉ ብርሃን፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው አጭር ጽሑፍ ሁሉ ፍቺውን ይነካሉ። ስለዚህ የአጋፋሪ ሥራ በመሠረቱ የአንባቢና የጸሓፊ ሥራ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እንከኑም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ዐውደ ርእዩ የመመረቂያ ጽሑፍ አካል ሲሆን፣ ተማሪው አስቀድሞ የመከራከሪያ ሐሳብ ይዞ ሥራዎቹን እንደ ማስረጃ እንዲፈልግ ሊገፋፋ ይችላል። ያን ጊዜ ሥዕሉ የተጋበዘ እንግዳ መሆኑ ይቀርና ለምስክርነት የተጠራ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳንኤል ቡረን እ.ኤ.አ. በ1972 ዜማን በመራው አምስተኛው ዶኩሜንታ ላይ ያቀረበው ተቃውሞ ፍሬ ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዐውደ ርእዩ ራሱን ሥራ አድርጎ ሲያቀርብ የሠዓሊዎቹ ሥራዎች እንደ ቀለም ጠብታ ይሆናሉ የሚል ነበር። ይህን የምጽፈው ከነቀፋው ነጻ ሆኜ አይደለም። እኔም በተማሪነቴ ግጥሞችን ላነበብሁት ንድፈ ሐሳብ ማስረጃ አድርጌ ሰብስቤአለሁ፤ አልመች ያሉኝንም ትቻለሁ። ዛሬ የማስታውሰው የተውኋቸውን ነው።

ታዲያ ትምህርቱ አያስፈልግም ማለት ነውን? ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ ሲሆን፣ ወደ ሥነ ጥበቡ የመጣው ግጥም እየጻፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አሥራ አንደኛውን ዶኩሜንታ መርቷል። ኢትዮጵያ በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ የመጀመሪያዋን ብሔራዊ ድንኳን ስትከፍት የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያጋፈረው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። ከነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ዲግሪው ከንቱ ነው የሚል ድምዳሜ አልወስድም። የዕቃ አያያዝ፣ የውሰት ውል፣ መድን፣ የሰነድ አጠባበቅ በልምድ ብቻ የሚተዉ ጉዳዮች አይደሉም። ምሳሌዎቹ የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ቃል የሚመዝን ሰው ለዚህ ሥራ ባዕድ አለመሆኑን ነው።

የእኛም ክፍል ድርሻ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዐውደ ርእይ ላይ እናቴን ይዤ ገብቼ ነበር። የግድግዳው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። እናቴ ከአንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆማ «ምን ይላል?» ስትለኝ የጠየቀችኝ ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነበር። ተርጉሜ ልነግራት ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ያቃተኝ የእንግሊዝኛ እውቀት አንሶኝ አይደለም፤ ጽሑፉ ለእርሷ ብሎ ያሰበው ነገር ስላልነበረ ነው። ግብሩ ተዘርግቶ፣ እንግዳዋ ገብታ፣ አጋፋሪው መቀመጫ ሳይሰጣት ቀረ።

ስለዚህ ወደ ውጭ ለሚሄደውም ሆነ እዚህ ለሚማረው ተማሪ አንድ ግዴታ እንዲጨመርለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የዐውደ ርእዩን ጽሑፍ በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ ያስብ፤ ይጻፍም፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደብዳቤውን ጽፌ ለተማሪዬ ሰጠሁት። «አጋፋሪ» የሚለውን ቃል ግን በደብዳቤው ውስጥ ማስገባት አልቻልሁምና በቃል ነገርሁት። ሳቀና፣ «በሩ ላይ የሚከለክለውስ?» አለኝ። እርሱንም ተምረህ ና አልሁት፤ ማንን እንደምትከለክል የምታውቀው ማን ደጅ እንደ ቀረ ስታይ ነው።