ስለ ዘማቾች ትዝታ አነጋገር

ጠላት መረብን በተሻገረበት በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዴት ነበርህ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙው ዘማች ይመልስ የነበረው «የክተት ነጋሪት ሲመታ ሰማሁ» እያለ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ያ ነጋሪት የተመታው በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥት ነው። በሩቅ አገር የነበረ ሰው ይህን ሲናገር፥ ሐሰት ባይባልበት እንኳ የከተማውን ጆሮ መዋሱ ነው።

ልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» በተባለው፥ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉት የዓይን ምስክርነት ነው፤ ነገር ግን የመስፍንና የተማረ ሰው ዓይን ነው። ተራው ወታደር አልጻፈም።

በወላይታ በሁምቦ ከአንድ አረጋዊ ዘማች በወጣትነቴ የሰማሁት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። የጦርነቱ ወሬ በገበያ ሲነገር «የጊፋታው ሥጋ ገና አላለቀም ነበር» ብለው ጀመሩ። ጊፋታ የወላይታ የዘመን መለወጫ ስለ ሆነ፥ መስቀልም ካለፈ ገና አምስተኛው ቀን ስለ ነበረ፥ ቃላቸው ከዘመኑ ጋር ይስማማል። የነጋሪቱ ተራኪ ወርቁን ያለ ሰም ሲሰጠን፥ እኒህ ሽማግሌ በሥጋው ሰምነት ጦርነቱን አሳዩን። ንግግራቸው ሥርዓት አልነበረውም፤ አንዴ ወደ ጎረቤት ሙግት፥ አንዴ ወደ ላም ዋጋ ይሄድ ነበር፤ እኔ ግን አልጠላሁትም።

በዚያ አገር ለጊፋታ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ አርደው ይካፈላሉ። ያን በሬ አብረዋቸው ከተካፈሉት ስንቱ ዘመቱ፥ ስንቱስ ተመለሱ ብዬ ሳልጠይቃቸው ዐረፉ።