የሮቢት ማሽላና ሕዋሶቹ

ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲጓዙ ሮቢት አካባቢ የሚታየው የማሽላ ማሳ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ዝናቡ ድንገት ሲቋረጥ ማሽላው ቅጠሉን ጥቅልል አድርጎ ይጠብቃል። ብልሃቱ የሕዋሶቹ ነው፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉ ትልልቅ ሕዋሶች በቫኪዩላቸው ያጠራቀሙትን ውሃ ሲያጡ ይሟሽሻሉ፣ ቅጠሉም ይጠቀለላል።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንቱ ሽላይደን እ.ኤ.አ. በ1838 ዕፅዋት፣ ሽቫን ደግሞ በ1839 እንስሳት ከሕዋስ እንደተሠሩ ጻፉ። ማሽላ ግን ሕዋሶች ሥራ ሲከፋፈሉ ምን ያህል እንደሚራቀቁ ያሳያል።

ቅጠሉን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ላየው፣ በእያንዳንዱ የቅጠል ጅማት ዙሪያ አረንጓዴ ሕዋሶች ቀለበት ሠርተዋል። ከቀለበቱ ውጪ ያሉት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዘው በአሲድ መልክ ወደ ውስጥ ያቀብላሉ፤ የቀለበቱ ክሎሮፕላስቶች ደግሞ ስኳር ያደርጉታል። በዚህም ተክሉ የአየር ቀዳዳዎቹን ብዙ ሳይከፍት፣ ውሃውንም ሳያባክን ምግቡን ይሠራል። ጤፍም እንዲሁ ነው፤ ስንዴና ገብስ ግን ይህን አልታደሉም።

ከኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘው «ቢ35» የተባለው ዝርያ ደግሞ ፍሬው እየጎመራ በድርቅ ሲመታ እንኳ ክሎሮፊሉን ቶሎ አይለቅም፤ ዛሬ የዓለም አዳቃዮች ይጠቀሙበታል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል።

የራያ ቆቦ የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ የመማሪያ መጽሐፉን የሕዋስ ሥዕል ከማሳየታችሁ በፊት ከደጃችሁ አንድ የማሽላ ቅጠል ቁረጡ!