ምልክትና ቦታው
የመከላከያን አወቃቀር በሥዕል ቋንቋ ስለ መግለጽ

የአንድ አገር የመከላከያ ሥርዐት ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ በቃል ብቻ መግለጽ አስቸጋሪ ነው፤ መሐንዲሱ፣ ገንዘብ ፈቃጁና መኰንኑ አንዱን ቃል በየራሳቸው መንገድ ይተረጕሙታልና። ስለዚህ አሜሪካኖች በ2003 ዶዳፍን፣ እንግሊዞች በ2005 ሞዳፍን አወጡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኋላም ሁለቱ ዩኤምኤልና ሲስኤምኤል በተባሉት የታወቁ የሞዴል ቋንቋዎች በአንድነት የሚጻፉበት ደንብ ተዘጋጀ፤ ይኸውም ከ2017 ጀምሮ ዩኤኤፍ ይባላል።

የሐሳቡን ጥቅም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር የንጉሡ ድንኳን በመካከል፣ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ይሰፍሩ ነበር። ሹመቱ ራሱ የቦታ ምልክት ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ሰፈሩ የትም ቢተከል አደላደሉ እንደማይለወጥ፣ ሁሉም ቦታውን እንደሚያውቅ ጽፏል።

ይሁን እንጂ ዘመን ሲለወጥ ምልክቱ ከቦታው ተለየ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1907 የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ፣ የማዕርጋቸው ስም የአዲሱን ሥራቸውን ስፍራ አያመለክትም ነበር። ውሎ አድሮም ቀኝ አዝማችነት ጦር ሜዳ ላልወጣ ሰው ጭምር የሚሰጥ ክብር ሆነ። ቃሉ ሳይለወጥ የሚያመለክተው ነገር ተለወጠ።

በዛሬዎቹ ሥዕሎች ላይ ያለኝ ሒስም ይኸው ነው። አንደኛ፣ በዶዳፍ ለባለ ሥልጣኖች ከሁሉ በፊት የሚቀርበው የጠቅላላ ሐሳብ ሥዕል እንደ ልብ የሚሣል ነው። በአውሮፕላንና በመርከብ መካከል የመብረቅ ምልክት ይደረጋል፤ መብረቁ ትእዛዝ ይሁን ወሬ፣ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አይናገርም። ብዙ ሰው የሚያየው ሥዕል ደንብ ያልያዘው መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ደንብ የያዘውም ቢሆን የሚመረመረው ሰዋስዉ ነው። በንፋስ ስልክ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ከእንጦጦ ማዶ ደግሞ አንድ የጦር ሰፈር አለ ብለን እናስብ። አንዱ ሥዕል «ይነጋገራሉ» ይላል፤ ሌላው ሥዕል በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያገናኛቸዋል። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም መስመሩ በትክክል መያያዙን አይቶ ያልፈዋል። ተራራው ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ይህን የመሰለው ሞገድ ደግሞ ተራራ ይጋርደዋል። እውነት ነው፣ ሲስኤምኤል የስሌት ሥዕልም አለው፤ ነገር ግን ማንም ካልሞላው ባዶውን ይቀራል።

«ቋንቋ እውነትን ይናገር ዘንድ አይገደድም፤ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤቶች ሥዕሉን ራሱን እንደ ተፈጸመ ሥራ ሲቀበሉ ቋንቋው ለስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። የዶዳፍ አዘጋጆችም በ2009 ባወጡት ሁለተኛ እትም ትኩረቱን ከሥዕሎቹ ወደ መረጃው ማዞራቸው ችግሩን ለመገንዘባቸው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ፣ መስመሩ ሐሰት ቢሆን በምድር ላይ በምን እንደሚታወቅና ማን ሄዶ እንደሚያየው ይጻፍ። ይህ ካልሆነ ሥዕላችን እንደ ኋለኛው ዘመን ማዕርግ ይሆናል፤ ስሙ ይከበራል፣ ቦታው ግን አይገኝም።